የኤልቪ ጣሳ

«ጣልኩት አልኩሽ እኮ።»

«የት?»

«ቆሻሻ የሚጣልበት ነዋ። የት ልጣለው፣ ቤተክርስቲያን?»

«ክዳኑን ከፍተህ አይተኸው ነበር?»

«ሳይከፈትም ገድሎኛል፣ አክስት ዳልሲ። ካልሲ ውስጥ የሞተ ዓሣ ነው የሚሸተው። ቤቱን ላጽዳ ብዬ ስነሳ መጀመሪያ አፍንጫዬን የያዘኝ እሱ ነው።»

«አንተ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቤት የምታጸዳው?» አለች ዳልሲ። በዳሬል ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ ውስጥ አየች። ጠረጴዛው ላይ የሦስት ቀን ሳህን ተቆልሏል። አፍንጫዋን ወደ በረንዳው ጣውላ ዘንበል አደረገችና አንዴ፣ ሁለቴ ሳበች። «የጸዳ አይመስልም።»

ዳሬል በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገው። ሌላ ቀን ቢሆን ይመልስላት ነበር። በደሴቱ ላይ ካሉት ስልሳ ምናምን ሰዎች ምላሱ ያልነካው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳልሲ የእናቱ የኤልቪ ታላቅ እህት ናት። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ዳሌዋ አልታዘዝ ብሏት በምርኩዝ ነው የምትሄደው። በሁለቱ እህትማማቾች ቤት መሀል ያለው አንድ የበግ ማሰማሪያ ብቻ ነው። ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል፤ ዳሬል ልጅ ሆኖ ወርውሮ ሞክሮታል፣ የመስኮቱ መስታወት ምስክር ነው። ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዷ የሌላዋን ደጅ አልረገጠችም። ኤልቪ «የዛጎሉን ቦታ ለሱቋ ለጆይሊን አሳየሽብኝ» አለች፣ ዳልሲ «አላሳየሁም» አለች፣ በቃ። እዚህ አገር ሰው ጀልባውን ቢወስዱበት ይከሳል፣ ሚስቱን ቢወስዱበት ይጠጣል፣ ዛጎል የሚለቅምበትን ቦታ ቢነኩበት ግን ዕድሜ ልኩን ነው።

ዕድሜ ልክም ሆነ። ኤልቪ የባሕር ወፍ አደኑ ወቅት ሳያልቅ በሳምባ ምች ሞተች። የተቀበረች ቀን ዳልሲ ከመቃብሩ አጥር ውጪ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። አፈሩ እስኪመለስ ጠብቃ፣ አንድም ሰው ሳታነጋግር ሄደች። ያቺ ጀርባ ከዳሬል ዓይን አልጠፋችም። ሁለት ወር ሙሉ ብቻውን ሲቀመጥ መጥታ «እንዴት ከረምክ» አላለችውም። ዛሬ ገና መጣች፤ እሱንም «የእናትህ ጣሳ የት አለ?» ብላ። እልህ ያዘውና «ጣልኩት» አላት።

ውሸቱን ነው። ጣሳው እዚያው እግሯ ሥር፣ ከበረንዳው ጣውላ በታች ተቀምጧል።

«በል እንግዲህ» አለች ዳልሲ። ከካፖርቷ ኪስ በመሀረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ስትፈታው የዛጎል ሐብል ነው፣ ያላለቀ። ትናንሽ ዛጎሎች፣ አንዳንዱ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆነው ያበራሉ፤ ዞር ሲያደርጉት ደግሞ ሐምራዊ ይሆናሉ። የክሩ ጫፍ ባዶውን ተንጠልጥሏል። «ይሄን እኔና እሷ ነን የጀመርነው። ለእህትህ ሠርግ።»

«ሠርጉ እኮ አለፈ።»

«አውቃለሁ።»

«ትዳሩም አልፏል።»

«እሱንም አውቃለሁ፣ አፈ ልቅ። ከጀማሪዎቹ አንዷ ሞታ ክር ክፍት አይቀመጥም። ሐኪሙ ዓይንሽ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ነው ብሎኛል። መሀል መሀሉ ጠቁሯል፣ ዳር ዳሩን ነው የማየው። የመርፌ ቀዳዳ ደግሞ ዳር ላይ አይገኝም።»

ይህን ብላ ደረጃውን በጎን በኩል፣ እንደ ሸርጣን ወረደችለት።

በጣሳው ውስጥ ያለው የሐብል ዛጎል እንደሆነ ዳሬል ጠፍቶት አይደለም። ባሕሩ የተፋው የሞተ ዛጎል ለሐብል አይረባም፣ ብርሃኑ ወጥቶለታል፣ ሲወጉትም ይፈረካከሳል። ውሃው ሲሸሽ እስከ ጭን ገብቶ፣ ከባሕር ሣሩ ላይ በሕይወት እያለ መልቀም ነው። ከዚያ ሥጋው እስኪበሰብስ ጣሳ ውስጥ ወራት ይተኛል። ባሕሩ ደግሞ ሞቋል፣ ሣሩም ሳስቷል። ድሮ በአንድ ጠዋት ይሞላ የነበረውን ጣሳ ኤልቪ የሞላችው በሦስት ዓመት ነው። የመጨረሻዋን እፍኝ ለመልቀም የገባች ቀን ነው ብርዱ ደረቷ ውስጥ የገባው።

ዳሬል ነገ ወስጄ እሰጣታለሁ፣ አንድ ቀን ትበሳጭ ብሎ ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ሊጠጣ ወጣ ሲል፣ ዳልሲ በምርኩዟ የቆሻሻ መድፊያውን መንገድ ይዛለች። ቦታው ሩቅ ነው፣ ነፋሱ ደግሞ ከደቡብ ነው፣ ጆሮ ይቆርጣል። ጥቂት ቆሞ አያት። ካፖርቷ እንደ ሸራ ተነፍቶ ወደ ኋላ ይጎትታታል፣ እሷ ደግሞ ወደ ፊት።

ፒካፑን አስነስቶ ደረሰባት።

«ግቢ።»

«አልለመንኩህም።»

«አልለመንሽኝም። ነፋሱ ወስዶሽ ባሕር ብትገቢ ፈልግ የምባለው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ብርድ አልወድም።»

ገባች። ያኔ ነበር መናገር የነበረበት። አፉን ከፈተ፤ ግን እሷ ወንበሩ ላይ ተደላድላ «ይሄ መኪና ውስጥ ደሞ ምንድነው የሞተው?» አለች። ሳቀ። ከሳቀ ሁለት ወሩ ነው። ሳቁ ራሱን አስደነገጠው።

አልተናገረም።

ቤት ውስጥ እንዴት እንደሆነ ማንም አያውቅለትም። ጠዋት ከመደርደሪያው ሁለት ስኒ ያወርዳል፣ አንዱን ይመልሳል። ቁሞ ነው የሚበላው። ከማንቆርቆሪያው ጋር ማውራት ጀምሯል፤ «ፈላህ እንዴ፣ ወይስ እኔን ነው የምታስጠብቀኝ?» ይለዋል። ማታ ማታ እናቱ ትቀመጥበት የነበረው የበረንዳ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ኤልቪ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወንበሯን ወደ ዳልሲ ቤት አዙራ ትቀመጥ ነበር። ከማዶ የዳልሲ ሬዲዮ ይሰማል፣ ዘፈን፣ ወሬ፣ ለመርከበኞች የሚነገረው የአየር ትንበያ። «ምን ያደርግልሻል፣ ጀልባ የለን» ሲላት፣ «ዝም በል፣ የማዕበሉን ከፍታ እየተናገረ ነው» ትለዋለች። አንዳንድ ቀን ነፋሱ ሲበረታ ሬዲዮውም ከማዶ ይጮሃል። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቃል ያልተነጋገሩ ሰዎች እንዲህ ነበር የሚውሉት።

ኤልቪ ከተቀበረች ጀምሮ ያ ሬዲዮ ተሰምቶ አያውቅም። ዳሬል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚሰማው የበግ ሳልና ባሕሩን ነው።

እንግዲህ እንዲህ ሲሆን ነው ቆሻሻ መቆፈር የጀመሩት። ዳሬል በአካፋ ይዝቃል፣ ዳልሲ የተገለበጠ የዓሣ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ በምርኩዟ ትመነቅራለች።

«እዚያ ጋ ነው የጣልኩት መሰለኝ» ይላታል፣ ከጥግ ያለውን ክምር እያሳያት።

«ትናንት እዚህ ጋ ነው ብለህ ነበር።»

«ትናንት ነፋሱ ሌላ ነበር።»

«ቆሻሻው ይዞራል እንዴ፣ እንደ ጀልባ?»

በሦስተኛው ቀን የሰው ጥርስ አገኙ፤ ከነላንቃው፣ ሰው ሠራሽ።

«የማን ነው?» አለ ዳሬል።

ዳልሲ ወደ ጎን ዞራ በዓይኗ ዳር አየችው። «የክላሪ ነው። የፊት ጥርሱ አንዱ ወርቅ ነው እያለ ሲኮራ የኖረው።»

«ነሐስ ነው።»

«ሚስቱ አውቃ ነዋ የጣለችው።»

ሳቋ ወፍራም ነው፣ እንደ እናቱ፣ መጨረሻው ሳል ነው። ዳሬል አካፋውን ተደግፎ አዳመጠው። ሲያቆም ቀስ ብሎ ሌላ ቀልድ ፈለገ።

በአራተኛው ቀን በጨው የተቀመጠ የባሕር ወፍ በድንች ቀቅላ በድስት ይዛ መጣች። ፒካፑ ኋላ ላይ ተቀምጠው፣ ስቡ ከጣታቸው እየተንጠባጠበ በሉ። ዳሬል ከሁለት ወር ወዲህ ቁጭ ብሎ ሲበላ የመጀመሪያው ነው። ስለ እናቱ ልጅነት ነገረችው፤ ኤልቪ የዛጎል ጣሳ አልጋ ሥር ደብቃ እናታቸው አይጥ ሞቷል ብላ ወለሉን በሙሉ እንዳስነቀለች። «ያንተ ዓይነት ነበረች» አለች። «ነገር መደበቅ ትወድ ነበር።»

«ሬዲዮሽ ምን ሆኖ ነው ግን?» አላት ወሬ ለማስቀየር። «አይሰማም።»

«ዘፈኑ ሁሉ ያው ነው» አለች፣ አጥንቱን ለቁራዎቹ እየወረወረች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ማታ ሲለያዩ «ነገ አልመጣም፣ ሰልችቶኛል» ትላለች፤ ጠዋት በሩ ላይ ናት። ዳሬልም «ነገ እነግራታለሁ» ይላል፤ ጠዋት አካፋውን ይጭናል። ማታ ማታ ጣሳውን ከጣውላው ሥር ጎትቶ ክዳኑን ከፈት ያደርግና፣ ሽታው ሲመታው መልሶ ይገፋዋል።

በዘጠነኛው ቀን ዳልሲ ከጭቃው ውስጥ ትንሽ ነገር አነሳች። በአውራ ጣቷ ብዙ አሸችው። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ ወደ ጎን አደረገችው፣ እንደገና አስጠጋችው።

«ዳሬል» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ። «ይሄ ዛጎል ነው?»

የሸሚዝ ቁልፍ ነበር።

«አይደለም» አላት። ከእጇ ላይ ወስዶ ኪሱ ከተተው። ያን ቀን አንድም ቀልድ አልመጣለትም።

ከቆሻሻው ሲመለስ ሱቅ ገባ።

«ሁለት ጠርሙስ አቼቶ?» አለች ጆይሊን። «ዓሣ ይዘህ ነው?»

«እግሬን ልዘፈዝፍ ነው።»

«ለአንዱ እግርህም አይበቃ።»

ሐሳቡ ይሄ ነው፤ ጣሳውን እንዲሁ እንደገማ ይዞ ከሚቀርብ፣ ዛጎሎቹን አጽድቶ፣ እያበሩ በሳህን ቢያቀርብላት ጥፋቱ ይቀልለታል። የላይኛውን ቡናማ ቆዳ አቼቶ ነው የሚበላው፤ ከሥሩ ብርሃኑ ይወጣል። እናቱ ስታደርግ አይቷል። አይቷል ማለት እንግዲህ፣ የሴቶች ሥራ ስለሆነ በዚያ ሲያልፍ፣ ዳቦ ሲሰርቅ፣ በመስኮት ሲወጣ ነው ያየው። አቼቶውን ስታፈስ ያስታውሳል። ከዚያ ሳህኑ ላይ ተደፍታ ዓይኗን ሳትነቅል ትቆማለች፤ ብትጠራት አትሰማም። ለምን እንደምትቆም ጠይቆ አያውቅም። መቆም ትወዳለች ብሎ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ጣሳውን ከቤቱ ጀርባ ወስዶ ገለበጠው። እየታነቀ፣ እያነባ አጠበው። ዛጎሎቹ የፍየል በጠጥ ነው የሚመስሉት። በጎድጓዳ ሳህን አደረጋቸውና አቼቶውን ለቀቀባቸው። ወዲያው አረፋ ማውጣት ጀመሩ፣ ጥቃቅን፣ እንደሚያንሾካሹክ ሰው ድምፅ አለው። ጎንበስ ብሎ አየ። ከቡናማው ሥር አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብልጭ አለች።

የፒካፑ ጥሩምባ ጮኸ። ዳልሲ ገብታ ተቀምጣለች።

«ዛሬ ባንሄድስ?» አለ በበሩ ብቅ ብሎ።

ጥሩምባውን ደገመችው።

ግማሽ ሰዓት ነው፣ ደርሰን እንመለሳለን፣ ትንሽ ሲቆይ ደግሞ ይብስ ያበራል ብሎ ወጣ።

ቆሻሻው ጋ ሲደርሱ ዳልሲ አልወረደችም። «ወደ መቃብሩ አዙረው» አለች።

«ነገ እንሂድ።»

«ነገ የማይ ይመስልሃል? የተጻፈውን ማንበብ እፈልጋለሁ።»

ዳሬል የቀብሩን ቀን ጀርባ አስታወሰ። መሪውን አዞረ።

የተጻፈ የሚባል ነገር የለም፤ ዳሬል በቢላዋ የፈለፈለው የእናቱ ስም ነው፣ እንጨት ላይ፣ አንዱ ፊደል ዞሮበታል። ዳልሲ የአጥሩን በር ከፍታ ገባች። ምርኩዟን ጣለችና ሳሩ ላይ ቀስ እያለች ተቀመጠች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳበሰች። የዞረው ፊደል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄን ያስተማረህ ማነው?»

«ማንም።»

«ያስታውቃል።»

ነፋሱ ሳሩን ያስተኛል፣ ያነሳል። ዳሬል አጥሩን ተደግፎ ቆመ፣ ከዚያ ተቀመጠ። አንዴ ስለ አቼቶው አስቦ ብድግ ሊል ሲል አክስቱ ማውራት ጀመረች። ለእሱ አይደለም፣ ለእንጨቱም አይመስልም፤ ብቻ ወደ ታች።

«አላሳየሁም» አለች። «ጆይሊን ራሷ ተከትላሽ ነው ያየችው፣ ቀይ ኮፍያ አድርገሽ እየሄድሽ ማን አያይሽም። ምነው ባሳየኋት ኖሮ። ቢያንስ ዘጠኙን ዓመት በከንቱ አልቀጣም ነበር።» አፍንጫዋን በመሀረቡ ጠረገች፣ ሐብሉን ጠቅልላ በያዘችበት። «የአየር ትንበያው ሰዓት ሲደርስ ድምፁን ከፍ የማደርገው፣ ማዕበል ወድጄ መስሎሽ ነው?»

ዳሬል መልሶ ተቀመጠ። ስለ ምንም አላሰበም ከዚያ ወዲያ። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትዞር ነው የተነሱት፣ እሱ ክንዷን ይዞ፣ እሷ «አትጎትት፣ ከረጢት አይደለሁም» እያለች።

ደጅ ሲደርሱ የአቼቶው ሽታ አስታወሰው። አክስቱን የእናቱ ወንበር ላይ አስቀምጦ ወደ ጓሮ ሮጠ። አቼቶው ወተት መስሏል። ውስጡን በጣቱ ነካ አደረገ። የነካው ሁሉ እንደ ረጠበ ወረቀት ሆኖ ጣቱ ላይ ቀረ።

እዚያው ቆሞ ቀረ። መጥራት ፈለገ፣ የሚጠራው ሰው የለም። ጣሳው ጎኑ ላይ ተጋድሟል፣ ንፋሱ ክዳኑን ያንኳኳል። ሳህኑን መድፋት ይችላል። ቆሻሻው ውስጥ ጠፋ ቢል ማን ያውቃል። ነገም ሊቆፍሩ ይሄዳሉ፣ ከነገ ወዲያም፣ ዓይኗ እስኪጠፋ።

ሳህኑን አንስቶ ወደ በረንዳው ሄደ።

«አልጣልኩትም» አላት። ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። «እዚሁ እግርሽ ሥር ነበር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ላጸዳልሽ ብዬ ጨረስኩት።»

ዳልሲ እጇን አስገባች። አንዱን በሁለት ጣቷ ስትይዘው እንደ እንቁላል ቅርፊት ድቅቅ አለ። ሌላ ያዘች፣ እሱም። አቼቶው በክንዷ ወደ እጅጌዋ ይወርዳል።

«ስንት ሰዓት ቆየ?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«እስክንመለስ ድረስ?»

«እስክንመለስ ድረስ።»

ወደ ታች ዝቅ ብላ ፈለገች። ከሥር አንድ እፍኝ የባሕር ሣር ተጠቅልሎ ነበር፣ ዳሬል ሲያጥብ ያላየው። ፈታችው። ውስጡ ተጣብቀው አቼቶው ያልደረሰባቸው ጥቂት ዛጎሎች አሉ። አንዱን በካፖርቷ ጨርቅ አሸችው፣ አብረቀረቀ። አንድ በአንድ መሀረቡ ላይ ከሐብሉ ጎን ደረደረቻቸው። ከክሩ ባዶ ጫፍ እኩል አልደረሱም።

«ለልጅ አንገት ይበቃል» አለች በመጨረሻ። «ለትልቅ ሰው አይሆንም።»

«ሦስት ዓመት የለቀመችውን ነው የጨረስኩት።»

«አዎ።»

«ምርኩዝሽን ላቀብልሽ? ምቺኝ።»

«ምርኩዜን አልሰብርብህም።» መሀረቡን ቀስ ብላ ቋጠረች። «ደግሞ ከጣውላው ሥር እንደነበር የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት። የጠፋው ዓይኔ ነው፣ አፍንጫዬ አይደለም።»

ዳሬል እግሯ ሥር ያለውን ጣውላ አየ። ከማዶ የዳልሲ ቤት መስኮት ጨልሟል፣ በግ አንዴ ሳለ።

«አውቀሽ?» አለ። «አውቀሽ ነው በዚያ ብርድ አሥር ቀን ሙሉ ቆሻሻ ስትጭሪ የሰነበትሽው? ለምን?»

«ሬዲዮዬ ተበላሽቷል» አለች ዳልሲ። «አንተ ደግሞ ባትሪ አትበላም።»